ወይዘሪት አትንቀሳቀስ

እስካሁን አብራችሁኝ የቆያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ የመጣችሁ ደግሞ እንዳትደናገሩ በአንድ ትንፋሽ ልንገራችሁ። እኔ የኤምአርአይ ባለሙያ ነኝ። ሰውን ጠባብ ዋሻ ውስጥ አስተኝቼ በማይክ «አትንቀሳቀስ! አትንቀሳቀሺ!» ስል የምውል ሴት ነኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት የምትበልጠኝ፣ እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያሳደገችኝ እህቴ ደግሞ የመንጋጋ ሐኪም ናት። አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ከጆሮ ፊት ለፊት ያለው መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚሄድ በፈጣን ምስል ላጥና ብላ ሃያ ሰው መርጣለች። አሥራ ዘጠኙ እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው። ክፈቱ ሲባሉ ይከፍታሉ፣ ዝጉ ሲባሉ ይዘጋሉ፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ሃያኛው እሱ ነው።

እሱ በአውቶብስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ የምትሰሙት ሰውዬ ነው። «የሰባት ቁጥር ተሳፋሪዎች፣ ሻንጣችሁን ሳትረሱ፣ ሕፃናትን ሳትረሱ!» የሚለው። እህቴ «ያ ለፋፊ» ነው የምትለው። ከስድስት ወር በፊት አሥራ አንድ ቁጥርን እየጠራ መንጋጋው ተቆልፎ፣ አፉን በሰፊው እንደከፈተ ሆስፒታል መጣ። እኔ ጭንቅላቱን ይዤ፣ እህቴ በሁለት አውራ ጣቷ ገፍታ፣ ቋ! አድርጋ መለሰችለት። እግዜር ይስጥልኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞረና «አንቺ ነሽ ‹አትንቀሳቀስ› እያልሽ ጆሮዬ ላይ ስትጮሂ የነበርሽው?» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ «ወይዘሪት አትንቀሳቀስ» ሆኖ ቀረ። ሳቅሁ። ምነው ያኔ ባልሳቅሁ!

አምስት ወር እንደዚያ ሄደ። ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አፉ ላይ እንደ ማጉያ አድርጎ «ወይዘሪት አትንቀሳቀስ በሁለተኛው በር እየገቡ ነው፣ መንገድ ልቀቁ!» ሲል ዘበኞቹ ሳይቀሩ ይስቁ ነበር። ሻይ ቤቱ ጥግ ላይ ቁጭ ብለን ወሬ ሲያበዛ መንጋጋው ቋ! ይላል፣ እኔ «በቃህ፣ አረፍ በል» እላለሁ፣ እሱ አያርፍም። ከዚያ የዛሬ ወር ድንገት ጭጭ አለ። ስልክ አያነሳም። በሩ ላይ አይቆምም። ለምርመራ ሲመጣ ራሱን ነቅንቆ ሰላም ይለኛል፣ በቃ። ምን አደረግኩ? ማን ምን አለው? እንጃ!

በዚያው ወር ደግሞ እህቴ ባሕር ማዶ የሁለት ዓመት ትምህርት አገኘችልኝ። ወረቀቱን ሐሙስ ከቀትር በፊት መፈረም አለብኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ ከሱ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው። ክብሬን ዋጥ አድርጌ ደብዳቤ ጻፍኩለት። ረጅም አልነበረም። «ሐሙስ እፈርማለሁ። የምትለው ካለህ ተናገር። ተናገር እንጂ፣ አፍ የለህም እንዴ!» ይላል።

*

ሰኞ ጠዋት መጣ። ደንቡን ያውቀዋል። ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ብረት ያለበት ሁሉ ትሪው ላይ ይቀራል። አንድ በአንድ ደረደረ። መጨረሻ ላይ ከሸሚዙ ኪስ አንድ ወረቀት አወጣ። ወረቀት ብረት አይደለም፣ ይዞት ቢገባ ማንም አይከለክለውም። እሱ ግን ከቁልፉ ሥር በጥንቃቄ አስገባው። የኔ ደብዳቤ ነው። እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል።

«አንብበኸዋል?» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

«ስንቴ?»

ትከሻውን ሰበቀ።

«እና መልስ የለህም?»

ቀና ብሎ አየኝ። አውቶብስ ያመለጠው ሰው መንገዱን እንደሚያይ ነው ያየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ትሪው መለሰና የጆሮ መድፈኛውን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ።

ኧረ በፈጠራችሁ! ለሻንጣ፣ ለተቀደደ ጎማ፣ ለዘገየ ሹፌር ሁሉ ቃል ያለው ሰው ለኔ አንዲት ቃል ትጥፋው? ንድድ አለኝ። ፊቱን አቅፎ የሚይዘውን ክፈፍ ከወትሮው ጠበቅ አድርጌ ገጠምኩለት፣ አልጋውን ወደ ውስጥ ገፋሁትና መቆጣጠሪያ ክፍሌ ገብቼ ማይኩን ተጫንኩ።

«ቀስ እያልክ ክፈት። ዝጋ። ክፈት። ዝጋ። አሁን ዘግተህ ቆይ። አትንቀሳቀስ።»

ማሽኑ ድድድድ ማለት ጀመረ። ውስጡ የተኛ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማም፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምስል ይመጣልኛል። አንዱ ከጆሮው ፊት ያለውን መገጣጠሚያ፣ ሌላው ፊቱን ከመሃል ሰንጥቆ ምላሱንና ከንፈሩን የሚያሳይ ነው። አሥራ ዘጠኙ ሰዎች እዚህ ቦታ ላይ እንደ ድንጋይ ጸጥ ይላሉ። የሱ መንጋጋ ይሄዳል!

አቆምኩት። «ተንቀሳቀስክ» አልኩ። ደገምኩት። ተንቀሳቀሰ። ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። አሁንም ተንቀሳቀሰ። ተናገር ሲሉት የሚዘጋ፣ ዝጋ ሲሉት የሚንቀሳቀስ መንጋጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጨጓራዬን ላጠው።

«አፍህን በመርፌ ልስፋልህ እንዴ?» ብዬ በማይኩ ጮህኩበት። ሐኪም ቤት ውስጥ እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ። አልኩት።

እህቴ ድምፄን ሰምታ መጣች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ምስሎቹን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ተበላሸ?»

«ሦስቱም።»

«አየሽ፣ ቁም ነገር የሌለው ሰው እንዲህ ነው» አለች። «ነገ ማታ አዲሱ ፈጣን ፕሮግራም ይጫናል። ረቡዕ አንድ ዕድል እሰጠዋለሁ። ያኔም ካልሆነ ከጥናቱ ይወጣል፣ አንቺም ትገላገያለሽ።»

«ከምኑ ነው የምገላገለው እትዬ?»

መልስ ሳትሰጠኝ ወጣች። ሁሉም ሰው ለኔ መልስ መስጠት የተወበት ወር ነበር።

*

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የተበላሹትን ምስሎች ልሰርዝ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከመሰረዜ በፊት አንዴ አጫወትኳቸው። እልኸኛ ስለሆንኩ ነው፤ የት ቦታ ላይ እንደሚያናድደኝ ማወቅ ፈለግሁ።

ሁለተኛውን ስጀምር እጄ ቆመ። እንቅስቃሴው ያው ነው። ሦስተኛውን ከፈትኩ፤ ያው ነው። ሲያሳክከው የሚነቃነቅ ሰው አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ይላል እንጂ አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አሥር ጊዜ አይደጋግምም። ምላሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ምላሱ ደግሞ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ከንፈሩ ይሾላል። ቃል ነው። ሰውዬው ማሽኑ እየጮኸ እያለ፣ ማንም በማይሰማው ቦታ፣ ያወራል!

የክፍሉን በር ዘጋሁ። ጣቶቼን ጆሮዬ ፊት መገጣጠሚያዬ ላይ አድርጌ፣ ስክሪኑን እያየሁ፣ እንደ እብድ አፌን መክፈትና መዝጋት ጀመርኩ። የድሮው ፕሮግራም በሰከንድ አራት ስዕል ብቻ ነው የሚሰጠኝ፤ በመሃል ብዙ ይዘላል። ቢሆንም ሞከርኩ። ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ፣ ጠ ነው። ከዚያ ክፍት። ሻ። ለ። ከንፈር ሾለ፣ ሁ። ጠ... ሻለሁ። እጠ... ላሻለሁ።

እጠላሻለሁ።

አራቴ ሞከርኩት። አራቱም ጊዜ ቃሉ አፌ ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ሰውዬው ፊቴን እያየ ዝም ይልና ዋሻ ውስጥ ገብቶ «እጠላሻለሁ» ይላል! አንጀቴ ድብን አለ። እንባዬ መጣ፣ እንባዬም አናደደኝ። ምን በደልኩት? ካልወደደኝ «አልወድሽም» ብሎ አይገላግለኝም? ደብዳቤዬን ለምን ኪሱ ይዞ ይዞራል፣ ሊስቅበት ነው?

እህቴ ቢሮ ሄጄ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። «እፈርማለሁ» አልኳት። «ሐሙስ ድረስ ምን ያስጠብቀኛል? አሁን አምጪው።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሲመኙት የኖሩትን ሲያገኙት እልል ይባል የለ? እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አለቀስሽ እንዴ ሚጣ?»

«ጉንፋን ነው።»

«ወረቀቱ ያለው አስተዳደር ጋ ነው፤ በቀጠሮሽ ሐሙስ ትፈርሚያለሽ» አለች። ከዚያ ተነስታ ሕፃን ሳለሁ እንደምታደርገው የጋውኔን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ልቤ ደርቆ ወጣሁ።

*

ረቡዕ። አዲሱ ፕሮግራም በሰከንድ ሃያ አምስት ስዕል ያነሳል። እህቴ ፕሮግራሙን ለማስገዛት ሦስት ዓመት ስትጨቃጨቅ ኖራለች፤ ስለዚህ ከኋላዬ ቆማ ወንበሬን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ሰውዬው ገባ፣ ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉን፣ ደብዳቤዬን ደረደረ። ትሪውን አንስቼ ዓይኑን ሳላይ ዞርኩ። ሊያየኝ ሞከረ፣ ቀና አላልኩለትም። እኔም መዝጋት እችላለሁ።

«ክፈት። ዝጋ። ክፈት። ዝጋ» አልኩ፣ እንደ ሊፍት ድምፅ። መገጣጠሚያው ስክሪኑ ላይ እንደ ፊልም ተንሸራተተ። ከአጥንቱ ላይ ያለችው ቀጭን ትራስ ሸርተት ስትል፣ ቋ የምትልባት ቅጽበት ሳትቀር ታየች። እህቴ ትንፋሿን ሳበች። እውነት ነው፣ እንደዚያ ጥርት ያለ ነገር አይተን አናውቅም።

«አሁን ዘግተህ ቆይ። አትንቀሳቀስ።»

ድድድድድ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ሳልጨርስ መንጋጋው ሄደ።

«ይኼው!» አለች እህቴ። «አቁሚው። በቃ፣ ወጥቷል።»

እጄ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከንፈሩን አየሁ። ምላሱ ከጠ እንደወረደ፣ ከንፈሮቹ ግጥም ብለው ተዘጉ። በሰኞው ምስል ይኼ የለም። በሁለት ስዕል መሃል ጠፍቶብኝ ነበር!

«ቆይ» አልኩ።

«ምን ቆይ፣ ተበላሸ እኮ!»

«እትዬ፣ ቆይ አልኩሽ!» በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲቆም ምስሉን ወደ ኋላ መልሼ በየስዕሉ ማሳለፍ ጀመርኩ። ምላስ ከጥርስ ጀርባ። ከንፈር ግጥም። ይኼ ብ ነው፣ ያለ ከንፈር ብ የለም። ቀጥሎ የምላሱ ሥር ተነስቶ የላንቃውን ጀርባ ይነካል። ይኼ ቅ ነው። ከዚያ ሻ። ለ። ሁ።

እጠብቅሻለሁ።

ቀጥሎም ሌላ አለ፤ ሰኞ ፈጽሞ ያልታየኝ። አጭር ናት፣ ሁለት እንቅስቃሴ። በጣቴ መንጋጋዬን ይዤ ሞከርኳት። ሂጂ። ሂጂ፣ እጠብቅሻለሁ። ሂጂ፣ እጠብቅሻለሁ። ሂጂ፣ እጠብቅሻለሁ። አትንቀሳቀስ ባልኩት ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ።

ጮክ ብዬ አነበብኩት መሰለኝ፤ ወንበሬን የያዘው እጅ ለቀቀኝና እህቴ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። መልኳ ተለዋወጠ።

«ቃሉን አፈረሰ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ደግሞ «አይ፣ አላፈረሰም» አለች።

«የምን ቃል?»

ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

«እትዬ፣ የምን ቃል ነው?»

«ሻይ ቤት ስትስቁ አየኋችሁ» አለች። «አንቺ ነገ ይኼን ክፍል የምትመሪ ልጅ፣ ከመናኸሪያ ለፋፊ ጋር። ደነገጥኩ። ጠራሁትና ‹ወረቀቱን እስክትፈርም ድረስ ከአፍህ አንዲት ቃል እንዳትሰማ። አንዲት ቃል ካልካት ትቀራለች፤ ትምህርቱም ያመልጣታል› አልኩት። ይከራከረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ‹ዶክተር፣ እኔም እንድትቀር አልፈልግም፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ከአፌ አንዲት ቃል አትሰማም› አለኝ። ወር ሙሉ ጠበቀ። እኔ እንኳ ይችላል ብዬ አላሰብኩም።»

የቱን አስቀድሜ እንደምናደድ ቸገረኝ። «በኔ ጉዳይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲመክር እኔ የት ነበርኩ?» አልኳት። «ወር ሙሉ ስነድ፣ ስነፈርቅ፣ ትናንት ይጠላኛል ብዬ ቢሮሽ ስመጣ አላየሽኝም? ኮሌታዬን ነው የምታስተካክዪልኝ? አንቺ አሳድገሽኛል፣ እውነት ነው፣ ግን አድጌያለሁ እኮ እትዬ! አድጌያለሁ!»

«አየሁሽ» አለች። «ትናንት አይቼሽ ሌሊቱን አልተኛሁም። ልነግርሽ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።» መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። እናታችን ስትቀበር እንኳ እኔ ፊት አላለቀሰችም።

ጢጢጢ! የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። ለካ ሰውዬው እስካሁን ዋሻ ውስጥ ነው፤ ረስተነው እጁ ላይ ያለችውን የመጥሪያ ፊኛ እየጨመቀ ነው። እኔ ከመንቀሳቀሴ በፊት እህቴ ማይኩን ተጫነች።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተሯ» አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ቃልህን መልሼልሃለሁ። ተናገር።»

ከዚያ ከድምፅ ማጉያው፣ ወር ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ መጣ።

«አሁን መንቀሳቀስ ይቻላል?»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማላውቀው ነገር ከአፌ ወጣ። ማይኩን ከእህቴ ነጠቅሁ። «ለምንድን ነው የምታወራው? ዝጋ እያልኩህ ለምንድን ነው የምታወራው? ሦስት ምስል አበላሸህብኝ እኮ!»

«አየሽው እንዴ?» አለ፣ በድንጋጤ። «እንደሚታይ መች አወቅሁ! ማሽኑ ሲጮህ አትሰማም ብዬ ነው። ደብዳቤሽ ‹ተናገር› ይላል፣ እኔ ቃል አለብኝ። ክፈት ስትዪኝ እከፍታለሁ፣ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ያ ነገር ይወጣል። ምን ላድርግ?» መንጋጋው ቋ! ሲል በማይኩ ተሰማኝ። «አየሽ፣ ወር ሙሉ አንቺን ሳያናግር ቆይቶ ዝጓል።»

«አላፈረስክም» አልኩት። «ከአፍህ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ያየሁት ነው።»

እህቴ ከጎኔ ቆማለች። ትሪው ላይ ቁልፉ፣ ሰዓቱ፣ እጥፋቱ የሳሳው ደብዳቤዬ አለ። ነገ ከቀትር በፊት መፈረም አለብኝ። ሳምንቱን ሙሉ የጨነቀኝ ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው ነበር፤ አሁን መልሱን አወቅሁት፣ አውቄውም ደረቴ ውስጥ አመመኝ። ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ሁለት ዓመት በሩ ላይ ማንም አይጠራኝም።

ማይኩን ተጫንኩ። «እፈርማለሁ» አልኩት። «እሄዳለሁ። ሁለት ዓመት ነው፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ። ድምፁ ቀጠነ።

«እንግዲህ እስክመለስ...» አልኩና ጣቴን ከማይኩ አነሳሁ። እንደገና ጀመርኩ። «እስክመለስ አትንቀሳቀስ።»

ማሽኑን አስነሳሁት። ድድድድ። ስክሪኑ ላይ መንጋጋው ተዘግቶ፣ ምላሱ አርፎ፣ ከንፈሩ ገጥሞ ቆመ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ከሃያው ሰው ሁሉ እንደሱ ጸጥ ያለ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ፣ ምራቁን ሲውጥ ምስሉ ትንሽ ተናወጠ። እህቴን ዞሬ አየኋት፤ ተበላሸ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እሱን አንቆጥርበትም» አለች፣ እያለቀሰች።